በደረቅ መርፌ የተጫረ ሰፈር

አንዲት ቀጭን ልጅ በትልቅ ኳስ ላይ ቆማ ሚዛኗን ትጠብቃለች። ይሁን እንጂ በዙሪያዋ ጭብጨባ የለም፣ ከበሮም አይመታም። አጠገቧ ያሉት ሰዎች ገንዘብ ከፍለው ለትርኢት የገቡ ተመልካቾች ሳይሆኑ፣ ሕፃን የታቀፉ እናቶች፣ ማገዶ የሚያመላልሱ፣ በቤት ውስጥ ሥራ የተጠመዱና ከድካማቸው ያረፉ የገዛ ወገኖቿ ናቸው፤ ልጅቱ ከኳሱ ብትወድቅ እንኳ ሥራቸውን ጥለው የሚደነግጡ አይመስሉም፣ በዚያ ሰፈር በኳስ ላይ መቆም እንደ ውኃ መቅዳትና እንደ እሳት ማንደድ ያለ የዕለት ሥራ ነውና። ስፔናዊው ሠዓሊ ፓብሎ ፒካሶ በ1905 ዓ.ም. በፓሪስ ከተማ በብረት ሰሌዳ ላይ በመርፌ ጭሮ ያወጣውና «ሳልቲምባንኮች» ተብሎ የሚጠራው ኅትመት የሚያሳየን ይህንን ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የሰሌዳው ቁመት 29፣ ወርዱም 33 ሳንቲሜትር ያህል ስለሆነ፣ ሥዕሉ በቤተ መንግሥት ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ከሩቅ የሚደነቅ ሳይሆን፣ መጽሐፍ እንደሚነበብ ሁሉ በቅርብ ተይዞ በጽሙና የሚታይ ነው።

«ሳልቲምባንክ» የሚለው ቃል ወደ ፈረንሳይኛ የገባው ከኢጣልያንኛ ሲሆን፣ ፍቺው ሲመረመር «በአግዳሚ ላይ የሚዘል» እንደ ማለት ነው፤ ስሙም ኑሯቸውን ይመሰክራል። በዚያ ዘመን በትልልቅ ከተሞች ውስጥ ቋሚ ሕንፃ፣ ደማቅ መብራትና የሙዚቃ ጓድ ያላቸው ሰርከሶች ነበሩ፤ እነዚህ ግን ይህ ሁሉ የሌላቸው፣ ጓዛቸውን በጋሪ ጭነው ከከተማ ወደ ከተማ፣ ከገበያ ወደ ገበያ እየዞሩ፣ ለበዓል ሰው በተሰበሰበበት አደባባይ ምንጣፋቸውን ዘርግተው፣ ልጆቻቸውን በትከሻቸው ላይ አቁመው፣ ከትርኢቱም በኋላ ባርኔጣቸውን በሕዝቡ መካከል እያዞሩ የዕለት ጉርሳቸውን የሚለቅሙ ፈላስያን ነበሩ። ሕዝቡ ይስቅላቸዋል፣ ሳንቲምም ይጥልላቸዋል፤ በማግሥቱ ግን ከየት እንደ መጡና ወዴት እንደ ሄዱ የሚጠይቅ አይገኝም። ከፒካሶ በፊት የነበረው ታላቁ ፈረንሳዊ ሠዓሊ ኦኖሬ ዶሚዬ እነዚህኑ ሰዎች ሲሥል፣ ከበሮ እየመቱ መንገደኛውን የሚጣሩበትን፣ ጩኸታቸውም ሰሚ ያጣበትን አሳዛኝ ሰዓት መርጦ ነበር። ፒካሶ ግን ጩኸቱን ፈጽሞ ትቶ ወደ ጓዳቸው ገባ።

ወደ ጓዳቸው የገባው ሰው እርሱም ራሱ ከአገሩ የወጣ ነበር። በ1881 ዓ.ም. በደቡብ ስፔን በማላጋ ከተማ ተወልዶ፣ ወደ ፓሪስም ከዚያ በፊት ሦስት ጊዜ መጥቶ ተመልሶ፣ በ1904 ዓ.ም. በሚያዝያ ወር ለመኖር ቆርጦ ሲመጣ ገና ሃያ ሦስት ዓመት አልሞላውም፤ ቋንቋውን በሚገባ አያውቅም፣ ሥራውንም የሚገዛው ሰው ጥቂት ነበር። ያደረው በሞንማርትር ኮረብታ ላይ፣ ብዙ ድሃ ሠዓልያንና ባለቅኔዎች በሚኖሩበት ያረጀ የእንጨት ቤት ነው፤ ይህንንም ቤት ወዳጁ ባለቅኔው ማክስ ዣኮብ በሴን ወንዝ ላይ ከሚንሳፈፉት የልብስ ማጠቢያ ጀልባዎች ጋር አመሳስሎ «ባቶ ላቯር» አለው፣ ስሙም እስከ ዛሬ ጸንቶ ቀረ። ክረምት ሲሆን ቤቱ እንደ በረዶ ይቀዘቅዛል፣ በጋ ሲሆን እንደ ምድጃ ይግላል፤ የውኃ ቧንቧውም ለነዋሪው ሁሉ አንድ ብቻ ነበር። ከኮረብታው ወረድ ሲሉ፣ በሮሽሹዋር ጎዳና ላይ፣ ሜድራኖ የሚባለው ሰርከስ ይገኛል፤ ፒካሶም ከወዳጆቹ ጋር በሳምንት ውስጥ ደጋግሞ ወደዚያ ይሄድ፣ ከቀልደኞቹና ከዘላዮቹም ጋር ይጨዋወት ነበር። ስለዚህ የሰርከስን ብርሃንና ደስታ ያልሣለው ሳያውቀው ቀርቶ አይደለም፤ ያየውን ሁሉ አይቶ፣ መብራቱ ከጠፋና የጌጡ ልብስ ከወለቀ በኋላ ያለውን ሰዓት ስለ መረጠ ነው እንጂ።

ስለ ፒካሶ የሚጽፉ ሰዎች ሁሉ በዚህ ጊዜ የሠዓሊው ቀለም ከሰማያዊ ወደ ጽጌረዳ መልክ መለወጡን ይናገራሉ፤ እውነትም ነው፣ ከ1901 ዓ.ም. ጀምሮ ለማኞችንና ዕውራንን በሚያሳዝን ሰማያዊ ቀለም ሲሥል የቆየው ሰው በእነዚህ ዓመታት ቀለሙን አሞቀው። ነገር ግን ይህ የቀለም ታሪክ ለእኛ ኅትመት የሚፈይደው ነገር የለም፤ ኅትመቱ ቀለም የለውምና፤ ነጭ ወረቀትና ጥቁር መስመር ብቻ ነው። ያለ ቀለም እርዳታ፣ በመርፌ ጫፍ ብቻ፣ አንድ ቤተሰብ ከነድካሙና ከነክብሩ እንዴት ሊታይ ቻለ ብሎ የሚጠይቅ አንባቢ ወደ ሥራው ጥበብ መግባት ግዴታው ይሆናል፤ እኔም ነገሩ ብዙ ጊዜ በችኮላ የሚታለፍ ስለሆነ እዚህ ላይ ዘግየት ልል እወዳለሁ።

በብረት ሰሌዳ ላይ ሥዕል ቀርጾ የማተም ጥበብ ብዙ መንገድ አለው። ከእነዚህም አንዱ ሰሌዳውን በሰም መሰል ነገር ቀብቶ፣ ሰሙን በመርፌ እየገለጡ ሥዕሉን ከነደፉ በኋላ፣ ሰሌዳውን ከአሲድ ውስጥ መንከር ነው፤ አሲዱ የተገለጠውን መስመር ብቻ እየበላ ይቦረቡረዋል፤ ይህም ለእጅ ቀላል ነው፣ መርፌው የሚታገለው ከሰም ጋር እንጂ ከብረት ጋር አይደለምና። ሁለተኛው መንገድ ግን ሰምም አሲድም የለውም፤ ሠዓሊው ራቁቱን የሆነውን የመዳብ ወይም የዚንክ ሰሌዳ በገዛ ክንዱ ኃይል በሹል የብረት መርፌ ይጭረዋል፤ ፈሳሽ ስለማይነካውም ፈረንሳዮች «ፗንት ሴሽ» ይሉታል፣ በእኛ አነጋገር ደረቅ መርፌ ማለት ነው።

መርፌው ብረቱን ሲጭር የሚሆነው ነገር ገበሬ ሲያርስ ከሚሆነው ጋር አንድ ነው፤ ማረሻው ትልም ሲያወጣ አፈሩ ጠፍቶ እንደማይቀር፣ ነገር ግን በትልሙ ጠርዝ ላይ ተገፍቶ እንደሚቆለል፣ እንደዚሁ መርፌው የነቀለው ብረት በመስመሩ ዳርና ዳር ብድግ ብሎ ሻካራ ጠርዝ ይሆናል። ጣት በቀስታ ቢያልፍበት ይቧጭራል። የሙያው ሰዎች በፈረንሳይኛ ይህን ጠርዝ «ጢም» ይሉታል፤ የደረቅ መርፌም ምሥጢሩ ሁሉ ያለው በዚህ ጢም ውስጥ ነው፣ ቀለም ሲቀባ ትልሙ ብቻ ሳይሆን ጢሙም ቀለም ስለሚይዝ፣ የታተመው መስመር ዳርቻው እንደ ከፋይ ጨርቅ የለሰለሰ፣ በወረቀቱ ውስጥ ቀስ ብሎ የሰረገ ጥቁረት ይኖረዋል። የአሲዱ መስመር ንጹሕና ቁርጥ ያለ ነው፤ የደረቁ መርፌ መስመር ግን ትንፋሽ አለው። ሆላንዳዊው ሬምብራንት በ1653 ዓ.ም. የክርስቶስን ስቅለት «ሦስቱ መስቀሎች» በሚባለው ታላቅ ኅትመቱ ሲያሳይ በጎልጎታ ላይ የወረደውን ጨለማ ያገኘው ከዚህ ጢም ነው።

የአገራችንን ብራና በቅርብ ያየ ሰው ይህን ጥበብ ለመረዳት ግማሹን መንገድ ሄዷል። ጸሐፊው ገና ቀለም ሳይነካ፣ ብራናውን በወስፌ እየወጋ ነጥብ ያበጅና ከነጥብ ወደ ነጥብ ያለ አንዳች ቀለም በደረቅ ብረት ያሰምራል፤ ያም መስመር ገጹን ወደ ብርሃን ዘንበል አድርጎ ለሚመለከት ብቻ የሚታይ ቀጭን ሸለቆ ነው፣ የቅዱሳት መጻሕፍትም ፊደል ሁሉ በእርሱ ላይ ተደርድሮ ይቆማል። ልዩነቱ በብራናው ላይ ደረቁ መስመር ለጽሑፉ አገልጋይ ሆኖ መደበቁ፣ በመዳቡ ላይ ግን እርሱ ራሱ ዋናው ነገር መሆኑ ነው።

ሰሌዳው ከተጫረ በኋላ ወፍራም ጥቁር ቀለም በሙሉ ይቀባና፣ አታሚው በሳሳ ጨርቅ እያዞረ፣ ቀጥሎም በመዳፉ እየጠረገ ከገጹ ላይ ያነሣዋል፤ በትልሙና በጢሙ ሥር የገባው ብቻ ይቀራል። ከዚያም በውኃ የለሰለሰ ወረቀት ከላዩ ይነጠፋል፣ በወረቀቱም ላይ ወፍራም የሱፍ ጨርቅ ይደረብና ሁሉም በአንድነት በሁለት ከባድ የብረት ሲሊንደሮች መካከል ያልፋል። ጫናው ወረቀቱን እስከ ትልሙ ድረስ ይገፋዋል፤ ወረቀቱም ቀለሙን ከዚያ ቀድቶ ይወጣል። ስለዚህ በእውነተኛ ኅትመት ዙሪያ የሰሌዳው ጠርዝ የተጫነበት ጎድጓዳ ምልክት ሁልጊዜ ይታያል፤ ሥዕሉም በመስተዋት እንደሚታይ ፊት ግራና ቀኙ ተለዋውጦ ይገኛል። በኳሱ ላይ ያለችው ልጅ በወረቀት ላይ ወደምታይበት አቅጣጫ በመዳቡ ላይ አታይም ነበር።

ፒካሶ ወደዚህ ሙያ የገባው በድህነት በር ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። መንገዱን ያሳየው ሪካርዶ ካናልስ የሚባል ካታላናዊ ወዳጁ ሲሆን፣ በ1904 ዓ.ም. «የድሃ ማዕድ» ሊባል የሚችለውን የመጀመሪያ ታላቅ ሥራውን በአሲድ ሲሠራ አዲስ ሰሌዳ የሚገዛበት ገንዘብ አልነበረውምና፣ ሌላ ሠዓሊ፣ ዡዋን ጎንዛሌዝ፣ መልክዓ ምድር ሥሎበት የነበረውን የዚንክ ሰሌዳ ፍቆ ተጠቀመበት፤ ፍቀቱ ግን ፍጹም ስላልነበረ በኅትመቱ የላይኛ ጥግ የአሮጌው ሥዕል ሣር እስከ ዛሬ ይታያል። በዚህ ሥዕል ላይ አንድ ዕውር ሰውና አንዲት ሴት ቁራሽ ኅብስት፣ ጠርሙስና ባዶ ሳሕን ባለበት ገበታ ፊት ተቀምጠዋል። በሚቀጥለው ዓመት ግን አሲዱን በብዙ ሰሌዳዎች ላይ ተወና ደረቁን መርፌ ያዘ። የመረጠበት ምክንያት እንደሚመስለኝ መርፌው እንደ እርሳስ የልብን ፍጥነት ስለሚከተልና ስለማይሸልም ነው፤ በብረት ላይ የተጫረ ስሕተት በቀላሉ አይሰረዝም፣ እጅ ያንቀጠቀጠው እንዳንቀጠቀጠ፣ ያጠበቀው እንዳጠበቀ ይቀራል። ለእነዚያ መንገደኞች ደግሞ የተሸለመ መስመር አይስማማቸውም ነበር። በ«ሳልቲምባንኮች» ላይ ያሉት ሰዎች በጥቂት ቀጫጭን ጭረቶች የቆሙ ናቸው፤ አንገትና ክንድ በአንድ መስመር ያልቃል፤ በሰዎቹ መካከል ያለው ወረቀት ብዙው ባዶ ነው፣ ባዶነቱም የሜዳ ብርድ ይመስላል።

በዚያ ዓመት ከተጫሩት ሌሎች ሰሌዳዎች መካከል እናት ልጇን የምታጥብበት አለ፣ የሰርከስ ቀልደኛ ኮፍያውን እንዳደረገ አርፎ የተቀመጠ ወፍራም ሽማግሌም አለ፤ በፈረስ ላይ የሚጫወቱ ሁለት ልጃገረዶችን የሚያሳየው አንዱ ብቻ የትርኢቱን ቦታ ያስታውሳል። ከሁሉ ይልቅ ልብ የሚነካው ግን «ሰሎሜ» የሚለው ነው። ታሪኩን ከወንጌል እናውቀዋለን፤ የሄሮድያዳ ልጅ በንጉሡ ፊት ዘፈነች፣ የመጥምቁ ዮሐንስም ራስ በወጪት ሆኖ መጣ። ፒካሶ በሣለው ሥዕል ልጅቱ ራቁቷን እግሯን ከፍ አድርጋ ስትዘፍን የሚመለከታት ወፍራሙ ሄሮድስ ከአርፎ ተቀማጩ ቀልደኛ ጋር አንድ አካል፣ አንድ ሆድ ያለው ሰው ነው። የተራቡ ተጓዦች በአንድ ምሽት የቅዱስ ዮሐንስን ሰማዕትነት በገዛ አካላቸው የተጫወቱት ይመስላል፤ የነገሥታትም ዘውድ ለእነርሱ ከጓዛቸው ውስጥ ካለ አንድ ዕቃ በላይ እንዳልሆነ ይታሰባል።

በመጀመሪያ ጊዜ እነዚህ ሰሌዳዎች በፓሪስ በታወቀው በዴላትር ማተሚያ ቤት በጥቂት ቅጂ ብቻ ታትመው ለወዳጆችና ለጥቂት ገዢዎች ደረሱ። ደረቅ መርፌ የሚያሳዝን ጠባይ አለው፤ ጢሙ በማተሚያው ጫና ሥር በየጊዜው እየተደፋና እየተሰበረ ስለሚሄድ፣ ጥቂት አሥር ቅጂዎች ከወጡ በኋላ ያ የከፋይ ልስላሴ ይጠፋና መስመሩ ብቻውን ይቀራል፤ እያንዳንዱ ኅትመት ከሚቀጥለው አንድ ነገር ይወስዳል ማለት ነው። በኋላ ግን የሥዕል ነጋዴው አምብሯዝ ቮላር ሰሌዳዎቹን ገዝቶ በ1913 ዓ.ም. በአንድነት ሲያሳትማቸው፣ ጢሙ እንዳይሰበር በኤሌክትሪክ ኃይል ስስ የብረት ልባስ አስለበሳቸው፤ በዚህም ዘዴ ከእያንዳንዱ 250 ቅጂ በሆላንድ ወረቀት ላይ፣ ከሠላሳ ያነሱ ቅጂዎችም በጃፓን ወረቀት ላይ ታተሙ። የብረት ልባሱ ሰሌዳውን አዳነው፣ ነገር ግን የመስመሩን ሙቀት ጥቂት ወሰደበት፤ በልባሱ ላይ የተነሣው ቅጂ የመጀመሪያውን ያህል አይጠቁርም፣ አይለሰልስምም። በሙዚየሞችና በጨረታ ቤቶች ብዙ ጊዜ የሚታየው ይህ የ1913ቱ ነው። ይህን በመናገሬ ቮላርን መውቀሴ አይደለም፤ እርሱ ባያሳትማቸው ኖሮ ኳሷ ላይ የቆመችውን ልጅ የሚያውቃት ሰው እጅግ ጥቂት ይሆን ነበር። ይሁን እንጂ ከ1905 ዓ.ም. ጥቂት ቅጂዎች አንዱን ለማየት ዕድል የገጠመው ሰው ቀርቦ፣ ጎንበስ ብሎ፣ የመስመሩን ዳርቻ ይመልከት እላለሁ፤ የሠዓሊው እጅ የት እንደ ጠነከረና የት እንደ ራራ የሚነበበው በዚያ ነው።

ፒካሶ በዚያው ዓመት ይህንኑ ቤተሰብ ወደ ትልቅ ሸራ አሻገረው። «የሳልቲምባንኮች ቤተሰብ» የሚባለውና አሁን በዋሽንግተን ብሔራዊ የሥዕል ቤተ መዘክር የሚገኘው ሥዕል ቁመቱም ወርዱም ከሁለት ሜትር በላይ ነው። በላዩ ስድስት ሰዎች አሉ፤ ወፍራሙ ቀልደኛ ቀይ ልብስ ለብሶ ቆሟል፣ የሠዓሊውን መልክ የያዘ ነው የሚባለው ባለ ብዙ ቀለም ልብሱ የትያትር ቀልደኛ አርለኪን የአንዲት ትንሽ ልጅ እጅ ይዟል፣ ሁለት ወጣት ዘላዮች አሉ፣ አንዲት ሴትም ባርኔጣ አድርጋ ከሁሉ ተለይታ ተቀምጣለች። ሁሉም በባዶ ምድረ በዳ መካከል በአርምሞ ይታያሉ፤ አንዱም ሌላውን አያይም። ይህን ሥዕል በ1908 ዓ.ም. የሥዕል ወዳጆች ማኅበር በ1,000 ፍራንክ ገዛው፤ በመጋቢት 1914 ዓ.ም. በፓሪስ ጨረታ ሲወጣ 11,500 ፍራንክ አወጣ፣ ወደ ሙኒክም ሄደ። በዚያ ከተማ በ1915 ዓ.ም. በበጋ ባለቅኔው ራይነር ማሪያ ሪልከ ሥዕሉ በተሰቀለበት ቤት ተቀምጦ ሰነበተ፤ ከብዙ ዓመት በኋላም «የዱዊኖ ኤሌጊዎች» ከሚባሉት ቅኔዎቹ አምስተኛውን ሲጽፍ እነዚህን ተጓዦች አሰባቸው፣ ቅኔውንም ለቤቲቱ ባለቤት ለኸርታ ኮይኒሽ አበረከተላት።

ሸራው ታላቅ መሆኑን የሚክድ የለም። እኔ ግን ሸራውን ባሰብሁ ቁጥር ልቤ ወደ ትንሹ ኅትመት ይመለሳል፤ ምክንያቱም ሸራው በኋላ ዘመን በራጅ ሲመረመር ከላይኛው ቀለም ሥር ሌላ ሥዕል እንዳለ ታይቷል፤ ፒካሶ መጀመሪያ በሸራው ላይ የጀመረው ያንኑ በኅትመቱ ያየነውን፣ በባልቲሞር ከተማ ሙዚየም በሚገኘው የቀለም ንድፉም ላይ ያለውን የሰፈር ኑሮ ነበር። ከዚያ ግን ሐሳቡን ደጋግሞ ለወጠ፤ ሴቶቹን ከነሕፃናታቸው፣ ማገዶውን፣ የቤቱን ሥራ ሁሉ በቀለም ሸፍኖ አጠፋቸውና በቦታቸው እነዚያን ዝም ያሉ ስድስት ሰዎች አቆመ። ታላቁ ሥዕል ታላቅ የሆነው ቤተሰቡን ከጓዳው አውጥቶ ምድረ በዳ ላይ በማቆሙ ነው፤ በዚያም ጊዜ የጠፋው የምድጃው ጢስ፣ የእናቶቹ ጉልበትና የልጅቱ ልምምድ ነው። እነዚህ በሸራው ላይ በራጅ መሣሪያ ካልታገዙ በቀር አይታዩም፤ ወረቀቱ ላይ ግን በገሃድ ናቸው፣ ማገዶ ተሸካሚው ገና ሸክሙን አላወረደም፣ ልጅቱም ከኳሱ ላይ አልወረደችም።